ዝም የማይለው ሳጥን

ለቆቦ ከተማና ለአካባቢዋ ነዋሪዎች በሙሉ፤ የእሸቴ ሬዲዮ ትናንት ከምሳ በኋላ እንደገና መጮህ መጀመሩ በጥልቅ ሐዘን ይገለጻል። ሬዲዮው በሰላም አድሮ፣ ጠዋት የእህሉን ዋጋና የአየሩን ጠባይ በመልካም አንደበት ከተናገረ በኋላ፣ ፀሐይዋ ከአናት ዘንበል ስትል በድንገት «ዝዝዝዝ» ብሎ አንደበቱ ተይዟል። ለወዳጅ ዘመዶቹ፣ በተለይም ለጋሽ አራጌ ልጅ ለእፀገነት፣ መጽናናትን እንመኛለን።

እርግጥ ይህን ማስታወቂያ ያወጣ መሥሪያ ቤት የለም። ያወጣችው ባለሱቋ ዓሊማ ናት፤ ያውም በወረቀት ሳይሆን በአፏ። ሱቋ ከእሸቴ ቤት ጋር አጥር ይጋራል። እሱ የባትሪ ድንጋይ ሊገዛ ብቅ ባለ ቁጥር ፊቱን አይታ የሬዲዮውን ጤንነት ትገምታለች፤ ግምቷንም ስኳር ሊገዛ ለመጣውም ሳሙና ሊገዛ ለመጣውም ሳትሰስት ታካፍላለች። አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ወሬ ሳይለዋወጡ እንደማይተላለፉ የሚያውቅ የቆቦ ሰው ሁሉ፣ ዓሊማን በወሬ የሚስተካከል አፋር ገና አልተወለደም ይላል።

እሸቴ የመስኖ ፓምፕ ኤሌክትሪሺያን ነው። ከጎብዬ እስከ ዋጃ በተዘረጋው ሜዳ ላይ የከርሰ ምድር ውሃ የሚስቡትን ሞተሮች ሲያክም ይውላል፤ በዚህም ይከበራል። የተረፈውን ጊዜ ግን ማንም ያልለመነውን ሥራ ይሠራበታል፤ ሬዲዮ ይገጣጥማል። ሬዲዮ ከሱቅ መግዛት እንደሚቻል፣ የእጅ ስልኩም ውስጥ ሬዲዮ እንዳለ የነገሩት ብዙ ናቸው። ሁሉንም በትዕግሥት ያዳምጣል። ከዚያም ከሞተ ቴፕ ሆድ ውስጥ ካፓሲተር መንቀሉን ይቀጥላል።

ሳጥኑን የሠራው ከአሮጌ መዝጊያ ሳንቃ ነው። መጀመሪያ ያስቸገረው «ሁምምም» የሚል ወፍራም ድምፅ ነበር፤ ንብ ጋን ውስጥ የገባች ይመስል። እሱን በቀላሉ አገኘው፤ ከመብራት የሚመጣውን ኃይል የሚያለሰልሰው ካፓሲተር አርጅቶ ኖሯል። ቀየረው፤ ሁምታው ለቀቀ። ቀጥሎ የመብራቱን ሽቦዎች እርስ በርስ ገመደ፣ የድምፁን ሽቦ ከነሱ አራቀ፣ የሳጥኑን ውስጥ በዘይት ጣሳ ቆርቆሮ ለበጠ። ጣሳውን ሲያስር ሶኬቱን አገላብጦ ሰክቶት ኖሮ ኤሌክትሪኩ ነዘረውና ከነመቀመጫው ወደ ኋላ ተገለበጠ። ሲነሣ መጀመሪያ ያየው ሬዲዮው መትረፉን ነው።

ይህን ሁሉ አድርጎም ከምሳ በኋላ የሚመጣው ቀጭን ዝዝታ አልተወውም። የጎደለው ኤርዝ፣ ትርፉን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚያወርድ ሽቦ፣ ነው አለና ረጅም ብረት ጓሮው ውስጥ ቀበረ። የራያ አፈር በበጋ ከጡብ አይለይም፤ የደረቀ አፈር ደግሞ ኤሌክትሪክ አይቀበልም። ስለዚህ በየማለዳው ብረቱን በጀሪካን ውሃ ያጠጣው ጀመር። ዓሊማ ይህን በአጥር ቀዳዳ አየች።

«ልጁ ብረት ተክሏል፤ ውሃም ያጠጣዋል» አለች ለደንበኞቿ። «ኢንሻ አላህ ለመስከረም የመብራት ምሰሶ ይደርስልናል።»

ነገሩ የሬዲዮ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቆቦ ስቃ ትተወው ነበር። ነገር ግን እሸቴ እፀገነትን ይወዳል፤ እፀገነትም ትወደዋለች፤ አባቷ ጋሽ አራጌ ደግሞ ከሁለቱም ይልቅ ጸጥታ ይወዳሉ።

ጋሽ አራጌ የሰፈሩ እድር ሰብሳቢ ናቸው። ደም የተቃቡ ሰዎችን አስታርቀዋል፤ የድንበርና የውሃ ተራ ጠብ ያለ እሳቸው አይበርድም። ከሁሉ በላይ የታወቁት ግን በቴሌቪዥን ጠላትነታቸው ነው። ቴሌቪዥን ማለት ሳይጠሩት ገብቶ ከባለቤቱ በላይ የሚያወራ እንግዳ ነው ይላሉ። ብለውም አልቀሩ። የገዛ ቤታቸውን ቴሌቪዥን በጠራራ ፀሐይ በአህያ ጋሪ አስጭነው፣ ሰፈሩ ሁሉ ቆሞ እያየ፣ ሮቢት ላለች እኅታቸው ሸኝተዋል። ከዚያ ወዲህ በቴሌቪዥን የተጣላ ባልና ሚስት ሁሉ የሚዳኘው በእሳቸው ነው። ፍርዱም ምንጊዜም አንድ ነው፤ አውጡት።

እሸቴ ሽማግሌ አድርጎ የላከው ጋሽ አያሌውንና ሀጅ እንድሪስን ነው። በመጀመሪያው ቀን፣ እንደ ወጉ፣ «ልጄ ገና ናት» ተብለው ተመለሱ። በሁለተኛው ቀን፣ አሁንም እንደ ወጉ፣ «ከዘመድ ልምከር» ተባሉ። በሦስተኛው ከወግ የወጣ ነገር መጣ። ጋሽ አራጌ ልጁ ጨዋ መሆኑን፣ ሙያ እንዳለው፣ ቤተሰቡም እንደማይታማ አንድ በአንድ አመኑ፤ አመኑና፣ «ነገር ግን ያ ሳጥኑ» አሉ።

ሽማግሌዎቹ ያልገባቸው መስለው እርስ በርስ ተያዩ፤ ጋሽ አራጌ ቀጠሉ።

«በገዛ እጁ የሠራውን ሳጥን ዝም ማሰኘት ያቃተው ሰው ቤት እንዴት ያቀናል? በሚመጣው ሳምንት፣ እሁድ ከምሳ በኋላ ይዞት ይምጣ። ዜናውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጥርት አድርጎ ከነገረን ልጄን ይውሰድ። ከጮኸ ግን ዳግመኛ ደጄን እንዳትረግጡ።»

ሁለቱ ሽማግሌዎች እስከ አስፋልቱ ድረስ ሄዱ። በጥሎሽ የፈረሰ ጋብቻ ያውቃሉ፣ በዘር ቆጠራ የፈረሰ ያውቃሉ፣ በአንድ በሬ ቀንድ ስብራት የፈረሰም አይተዋል። በዝዝታ የፈረሰ ግን በራያ ምድር ተሰምቶ አያውቅም። ሀጅ እንድሪስ በመጨረሻ፣ ቂያማ፣ የፍርዱ ቀን፣ ሳይቀርብ አይቀርም ብለው ወደ ቤታቸው ታጠፉ።

እሸቴ ይህን ሲሰማ እህል አልበላ አለው። ሬዲዮውን ከሶኬት ነቅሎ በባትሪ ድንጋይ አስነሣው፤ ዝዝታው አለ። የውጭውን አንቴና ፈታ፤ አለ። እንግዲህ ችግሩ ሳጥኑ ውስጥ አይደለም፤ ከውጭ በአየር የሚመጣ ነው። ይህን ሲረዳ ደስታና ድንጋጤ እኩል ያዙት። ጥፋቱ የሱ አልነበረም። ግን የማን እንደሆነ ካላወቀ ልጅቷን የሚያጣው እሱ ነው።

በሬዲዮው ሆድ ውስጥ ሽቦ የተጠመጠመባት ጥቁር ዘንግ አለች፤ ጣቢያ የምትይዘው እሷ ናት። ጫፏን ወደ ድምፁ ምንጭ ስታዞር ድምፁ ይደክማል፤ ጎኗን ስትሰጠው ይበረታል። እሸቴ ሳጥኑን አቅፎ፣ ጆሮውን ለጥፎ፣ ዝዝታው የሚደክምበትን አቅጣጫ እየፈለገ ሰፈሩን መዞር ጀመረ። ጥቂት ይራመዳል፣ ይቆማል፣ በቆመበት ይሽከረከራል። የፓምፕ ሰው መሆኑን የሚያውቁ ገበሬዎች ውሃ የሚፈልግ መሰላቸው። አንዱ ማሽላ የጫነ አህያውን መንገድ ላይ ትቶ ተከተለው፤ የሱንም ጓሮ እንዲቃኝለት ለመነው። እሸቴ የሚፈልገው ውሃ ሳይሆን ጩኸት መሆኑን አስረዳው። ሰውዬው ጩኸት የሚፈልግ ሰው እንዴት ይኖራል፣ ውሃውን ደብቆኝ ነው ብሎ ተቀይሞ ሄደ።

ዘንጓ ከየትም ቆሞ ቢያዞራት ወደ አንድ ወገን ታመለክታለች፤ ወደ ጋሽ አራጌ ግቢ። ከግቢው በስተጀርባ ደግሞ ወፍጮ ቤት አለ። እሸቴ ይህን ሲያይ በራሱ ሳቀ። ቴሌቪዥን ባባረረ፣ ከአምፖል ሌላ ኤሌክትሪክ በማያውቅ ግቢ ውስጥ ምን ሊጮህ ነው? የወፍጮው ሞተር ነው እንጂ። ከቀጠሮው በፊት ባለው እሁድ፣ ወፍጮው ተዘግቶ ሳለ፣ ጓሮው ተቀምጦ ሬዲዮውን በባትሪ ድንጋይ ከፈተ። ተናጋሪው ምራቁን ሲውጥ እንኳ ይሰማል። ወፍጮው እሁድ አይሠራም፤ ቀጠሮውም እሁድ ነው። ለጋሽ አያሌው ደውሎ ስለ ሠርጉ በሬ ማሰብ እንዲጀምሩ ነገራቸው።

በቀጠሮው ቀን ጋሽ አራጌ ግቢ፣ ኒም ዛፉ ጥላ ሥር፣ ወንበር ተደረደረ። ሀጅ እንድሪስ መቁጠሪያቸውን፣ ሙስበሃቸውን፣ ያዙ። ጋሽ አያሌው አዲስ የታጠበ ጋቢያቸውን አጣፍተው ተቀመጡ። ጋሽ አራጌ ብትራቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው እንደ ዳኛ ተሰየሙ። ባለቤታቸው ወይዘሮ አስረሳሽና እፀገነት ለቅሶ ቤት ሄደዋል ተባለ። ወንድ በሚመዘንበት ቦታ ልጅቱ አትገኝምና ማንም አልጠየቀም።

እሸቴ ሳጥኑን በርጩማ ላይ አስቀምጦ ቁልፉን አዞረ። ዜናው እንደ ምንጭ ውሃ ጠርቶ ፈሰሰ። ሀጅ እንድሪስ ማሻ አላህ አሉ። ጋሽ አያሌው ሬዲዮውን የወለዱት እሳቸው ይመስል ደረታቸውን ነፉ። ጋሽ አራጌ ሳይቀሩ አንገታቸውን መነቅነቅ ጀመሩ፤ የነቀነቁትም በመስማማት ነበር። ዜናው የአገር ውስጡን ጨርሶ ወደ ውጭው ሲሻገር፣ «ዝዝዝዝዝዝ።»

እንደዚያ ያለ ዝዝታ እሸቴ ራሱ ሰምቶ አያውቅም። ቤቱ ሲሆን ትንኝ ነበር፤ እዚህ ግን መጋዝ ሆኗል። ቀና ብሎ አየ፤ ወፍጮ ቤቱ ዝግ ነው፤ በሩ ላይ የተንጠለጠለው ቁልፍ ከተቀመጠበት ይታየዋል። ታዲያ ያለፈው እሁድ? ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለው። ባለፈው እሁድ ከተማው ሙሉ መብራት አልነበረም። በጠራራ ፀሐይ አምፖል የሚያበራ የለም፤ እሱም በባትሪ ድንጋይ ነበር የሚሠራው፤ ስለዚህ ልብ አላለም። የዚያን ቀን ዝም ያለው ወፍጮው ብቻ ሳይሆን ቆቦ ውስጥ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነገር ሁሉ ነበር። ኤሌክትሪሺያን ሆኖ መብራት መጥፋቱን ያላወቀ ሰው። ዓሊማ ይህን ብትሰማ ሱቋን ዘግታ ወሬውን ብቻ ታከፋፍል ነበር።

«እንግዲህ ጮኸ» አሉ ጋሽ አራጌ። ደስ ያላቸውም አይመስሉም።

እሸቴ ተነሣ። የሚጮኸው ሳጥኑ ሳይሆን ሌላ ነገር መሆኑን፣ ያም ነገር እዚሁ ቅርብ እንዳለ፣ አግኝቶ ካጠፋው ዜናው እንደሚጠራ ተናገረ። ሀጅ እንድሪስ፣ የተከሰሰ ሰው ምስክሩን ይፈልግ ዘንድ ይፈቀድለታል ብለው ፈረዱ። ጋሽ አራጌም ልብ ሞልቷቸው በብትራቸው ግቢውን አመለከቱ። «ይኸው። ከአምፖል ሌላ ካገኘህ ውሸታም በለኝ።»

እሸቴ ሳጥኑን አቀፈ። ከዛፉ ሥር ዞረ፤ ዘንጓ ወደ መኖሪያ ቤቱ አዘነበለች። ቤቱን አለፈ፤ ወደ ግቢው ጓሮ አዘነበለች። ሦስቱ ሽማግሌዎች ተከተሉት፤ ሲቆም ይቆማሉ፣ ሲሽከረከር ይጠብቃሉ። በአጥር የሚያልፉ ሰዎች ፍትሐት ያለ መስሏቸው ኮፍያቸውን አወለቁ። ከማእድ ቤቱ ጀርባ የጭቃ እህል ቤት አለ። ማሽላው የሚቀመጠው እዚያ ነው፤ ቁልፉንም የሚይዙት ጋሽ አራጌ ብቻ ናቸው፤ የአይጥ መርዝ ስለረጨሁበት ማንም አይጠጋ ብለዋል። ዘንጓ ወደዚያ ዞረች። ዝዝታው ከመድከም አልፎ ትንፋሽ ሆነ።

«እዚያ መርዝ አለ» አሉ ጋሽ አራጌ። ድምፃቸው ቀጥኗል።

እሸቴ ግን ጣሪያውን እያየ ነበር። ቆርቆሮው ላይ በርበሬ የተሰጣበት ሰፊ የብረት ሰሐን ተጋድሟል። ብዙ ጊዜ አይቶታል፤ ሰፈሩ ሁሉ አይቶታል፤ አስረሳሽ በርበሬ አስጥታለች ተብሎ ታልፏል። አሁን ከሰሐኑ ሥር ጥቁር ገመድ ወጥቶ በክፈፉ በኩል ወደ ውስጥ ሲገባ አየ። በርበሬ ገመድ ምን ያደርግለታል? ወደ በሩ ተጠጋ። ሁልጊዜ ከውጭ የሚንጠለጠለው ቁልፍ ዛሬ የለም። በሳንቃው ስንጥቅ ዓይኑን አኖረ።

ስንጥቁ ውስጥ ሌላ ዓይን ነበር።

ሳጥኑ ከእጁ ሊያመልጥ ነበር። ዓይኑ የእፀገነት ነው፤ በሺህ ዓይን መካከል ይለየዋል። ፍርዷን ለመስማት ከበሩ ተለጥፋ ኖሯል። እሷም ደነገጠች፤ ወደ ጎን ስትል ክፍሉ ታየ። በማሽላ ማዳበሪያዎች ላይ፣ እንደ ታቦት ከፍ ብሎ፣ ቴሌቪዥን ተቀምጧል። ወደ ሮቢት በጋሪ የተሸኘው ያው ቴሌቪዥን ነው፤ ጥጉ ላይ ያለችውን ስንጥቅ እሸቴ ራሱ ነበር ድሮ ያጣበቀው። ድምፁ ተዘግቶ፣ የሙሽራ ልብስ የለበሰች የባዕድ አገር ሴት ታለቅሳለች። ወይዘሮ አስረሳሽ፣ ለቅሶ ቤት ናቸው የተባሉት፣ በነጠላቸው ዓይናቸውን እየጠረጉ አብረዋት ያለቅሳሉ። ከእሳቸው አጠገብ ትራስ የተደረገበት ባለመደገፊያ ወንበር አለ፤ ባዶ ነው። በመደገፊያው ላይ የጋሽ አራጌ የንባብ መነጽር ተቀምጧል። መቆጣጠሪያው እንዳይጠፋ በሲባጎ ከወንበሩ እጀታ ጋር ታስሯል፤ አስተሳሰሩ የእድር ድንኳን የሚታሰርበት ቋጠሮ ነው። በቆቦ ያን ቋጠሮ የሚያስር አንድ ሰው ነው።

እሸቴ ብዙ ጊዜ ኤሌክትሪክ ይዞታል። እንዲህ ግን ይዞት አያውቅም።

ከኋላው የእግር ኮቴ ሰማ። ጋሽ አራጌ እየሮጡ ነበር። ቆቦ እሳቸውን ሲሮጡ አይታ አታውቅም፤ ሌሎቹ ሁለቱ ሽማግሌዎችም ከድንጋጤ የተነሣ ማእድ ቤቱ ጋ ቆመው ቀሩ። ጋሽ አራጌ ደርሰው ጀርባቸውን ለበሩ ሰጡ። በግንባራቸው ላብ ይወርዳል። የእሸቴን ፊት አዩ፤ ማየቱንም አወቁ።

«ልጄ» አሉ፣ በሹክሹክታ። ከዚያ በፊት ያ ልጅ እንጂ ልጄ ብለውት አያውቁም።

«ምንድን ነው ያገኘኸው?» አሉ ሀጅ እንድሪስ ከሩቅ።

በሩን አንድ ጊዜ መግፋት ብቻ ነበር። ቴሌቪዥኑ ይጠፋል፣ ዜናው ይጠራል፣ በጋሽ አራጌ ቃል መሠረት ልጅቷ የሱ ትሆናለች። ነገ ደግሞ ዓሊማ ማስታወቂያ ታወጣለች። ከጎብዬ እስከ ዋጃ በቴሌቪዥን ምክንያት ቤቱን ያመሰ ባል ሁሉ፣ ቴሌቪዥኗን በጋሪ የሸኘች ሚስት ሁሉ፣ የተፈረደባቸውን ፍርድ ይዘው ይህን ደጅ ያጣብባሉ። እኒህ ሰው ከዚያ ወዲያ የሁለት ዶሮ ጠብ እንኳ አያስታርቁም። በስንጥቁ በኩል የእፀገነት ትንፋሽ ይሰማዋል፤ አትለምንም።

እሸቴ ቁልፉን አዞረና ሬዲዮውን አጠፋ።

«ምንም የለም፣ ሀጅ» አለ። «ጥፋቱ የኔ ነው። ኤርዙን በደንብ አላሰርኩትም።»

ለኤሌክትሪሺያን ይህ በአደባባይ ሱሪ ከማውለቅ ይብሳል።

ጋሽ አያሌው ወደ ወንበራቸው እስኪመለሱ ድረስ አንድም ሳይቀር ተናገሩት። ስማቸውን ይዞ ሄዶ ማዋረዱን፣ በሬ አስቡ ብሎ በስልክ መቀለዱን፣ በብረት ላይ ውሃ ከሚያፈስ ሰው ይህን መጠበቅ እንደነበረባቸው። እሸቴ አንገቱን ደፍቶ ሰማ። ሳጥኑን በጨርቅ ጠቀለለ። ሁለቱ ሽማግሌዎች እንደ ደንቡ ተነሥተው፣ በል እንግዲህ ደጅህን አንረግጥም ሊሉ ሲዘጋጁ፣ ጋሽ አራጌ በብትራቸው መሬቱን መቱ።

«ተቀመጡ። ልጄን ሰጥቻለሁ።»

የሀጅ እንድሪስ ሙስበሃ ቆመ። ጋሽ አያሌው አፋቸውን ከፍተው መዝጋት ረሱ። እሸቴ የሰማውን ለማመን ጨርቁን ፈትቶ ሬዲዮው መዘጋቱን አረጋገጠ፤ ከሱ የወጣ ቃል መስሎት ነበር።

«አራጌ» አሉ ጋሽ አያሌው፣ ቀስ ብለው፣ በሽተኛ እንደሚጠይቅ ሰው። «ሳጥኑ ጮኸ እኮ።»

«ሰምቻለሁ። ጆሮ አለኝ።»

«ከጮኸ ደጄን አትርገጡ ያልከው አንተ ነህ።»

«እኔ ነኝ።»

«ልጁም ጥፋቱ የኔ ነው ብሏል።»

«ብሏል።»

ሀጅ እንድሪስ ጎንበስ ብለው የጋሽ አራጌን ፊት አዩ፤ ከዚያ የእሸቴን አዩ፤ ከሁለቱም ምንም አላገኙም። «ያ ጀመዓ» አሉ፣ «እኛ ሽማግሌ ነን። ነገ አገር ይጠይቀናል። በጩኸት ልትከለክል ተቀምጠህ በጩኸት ሰጠህ። ምክንያቱን ንገረን እንጂ ምን ብለን እንመልስ?»

ጋሽ አራጌ ጋቢያቸውን አጣፉ።

«የፈለጋችሁትን በሉ። እኔ አልናገርም።»